ከብራንዳይስ ምሩቃን አዳዲስ መጻሕፍት የትኛውን ልግዛ? አምስቱን በንጽጽር

ከውጭ መጽሐፍ ማስመጣት ድሮም ቀላል አልነበረም፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደሞ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ለአንድ የ28 ዶላር መጽሐፍ የሚወጣው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም ዶላሩ ባይከብዳችሁ ጊዜው ይከብዳችኋል፣ ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጅ እያሳደጉ 700 ገጽ መጨረስ ቀላል አይደለም። ሰው ግን አሁንም መጽሐፍ የሚመርጠው በደራሲው ዝና ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ያየውን ሰው ስም ይዞ ያዝዛል፣ ከዛ 40ኛው ገጽ ላይ ዘግቶት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለዛ ሰው በዛ ሰዓት የሚሆነው ስላልሆነ ነው። እዚህ የማነጻጽራቸው አምስቱም ጥሩ መጻሕፍት ናቸው፣ ጥያቄው ለእናንተ የትኛው ይሆናል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ለምን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ላላችሁ። የአይሁድ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው፣ ብራንዳይስ ግን እንደዛ አይደለም። በ1948 ቦስተን አጠገብ ዎልተም የምትባል ከተማ ውስጥ የአሜሪካ አይሁዶች ገንዘብ አዋጥተው የከፈቱት ነው። ምክንያቱ ደሞ ያኔ ትልልቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አይሁድ ተማሪ ከዚህ ቁጥር በላይ አይገባም እያሉ ኮታ ይጥሉ ስለነበር ነው፣ የራሳቸውን ሲከፍቱ ግን በሩን ለሁሉም ዘርና ሃይማኖት ክፍት አደረጉት። ስሙ የተወሰደው ከሉዊስ ብራንዳይስ ነው፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው አይሁዳዊ ዳኛ ከነበረው ሰው። ማን ይገባል ማን በር ላይ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ከወለደው ቤት የወጡ ሰዎች ዛሬ ምን እየጻፉ እንደሆነ ማየት ለኛም የሚጠቅም ይመስለኛል፣ ሁሉም አይሁድ አይደሉም፣ ስለ አንድ ጉዳይም አይጽፉም። ምሩቅ ስል የመጀመሪያ ዲግሪም ማስተርስም ዶክትሬትም ማለቴ ነው፣ አዲስ ስል ከ2020 ወዲህ የወጣ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

በምን ልመዝናቸው?

እኔ ከሁሉም በላይ የማየው እንግሊዝኛውን ነው። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ እንችላለን ግን ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛና ማታ ደክሞህ ተጋድመህ የምታነበው እንግሊዝኛ አንድ አይደለም፣ ይሄን ልዩነት የማይነግራችሁ ሰው መጽሐፍ ባይመርጥላችሁ ይሻላል። ቀጥሎ ጉዳዩ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው፣ ስለ ኢትዮጵያ ይጻፍ ማለቴ ሳይሆን ስታነቡት የራሳችሁን ቤት፣ የራሳችሁን አገር፣ የልጃችሁን ትምህርት እንድታስቡ ያደርጋል ወይ ነው። ከዛ ርዝመት አለ። ከዛ ደሞ አገኛኘት፣ ማለትም ወረቀቱ፣ ኢ-ቡኩ፣ ኦዲዮው፣ ላይብረሪ። መጨረሻ ላይ ከሰው ጋ ለማንበብ ይመቻል ወይ፣ ምክንያቱም አሁን በየቦታው ቡክ ክለብ እየተቋቋመ ነው፣ ለብቻ የሚነበብና ለውይይት የሚሆን መጽሐፍ ደሞ ይለያያል።

ዝና፣ ሽልማትና ሽፋኑ ላይ ያለውን ሙገሳ ከመመዘኛው አውጥቻቸዋለሁ።

ሚች አልበም፣ «ዘ ሊትል ላየር» (2023)

አልበም በ1979 ነው ከብራንዳይስ በሶሺዮሎጂ የተመረቀው፣ በ1997 ስለ አስተማሪው ስለ ሞሪ ሽዋርትዝ በጻፈው መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይሄኛው ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግሪክ ተሰሎንቄ ውስጥ ነው፣ አዎ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ተሰሎንቄ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ 50 ሺህ የሚሆኑ አይሁዶች ይኖሩባት ነበር። ኒኮ የሚባል በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ የ11 ዓመት ልጅ አለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያምነዋል። የናዚው መኮንን ይሄን ያውቅና ባቡር ጣቢያው ላይ ያቆመዋል፣ ለሰዎቹ አትፍሩ፣ የምትሄዱት አዲስ ቤትና ሥራ ወዳለበት ነው በላቸው ይለዋል፣ ልጁም እውነት መስሎት ይናገራል። ባቡሩ የሚሄደው ኦሽዊትዝ ነው፣ ናዚዎች ሰው የሚፈጁበት ካምፕ። የገዛ ቤተሰቡ ሲሳፈሩ ነው የሚገባው። ከዛ በኋላ ኒኮ እውነት መናገር የማይችል ሰው ሆኖ ያድጋል፣ ወንድሙ ሰባስቲያን፣ ፋኒ የምትባል ልጅና ያ መኮንን ደሞ በየፊናቸው ይቀጥላሉ፣ ታሪኩ እነዚህን አራት ሰዎች ለአስርት ዓመታት ይከተላል።

ተራኪዋ እውነት ራሷ ናት። ይሄ አንዳንዱን ይማርካል አንዳንዱን ያሰለቻል፣ እውነት አልፎ አልፎ ታሪኩን አቁማ መስበክ ትጀምራለችና። እኔ ስብከቱ ቢቀንስ ደስ ይለኝ ነበር ግን የባቡር ጣቢያውን ክፍል ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ። ታሪካዊ መሠረቱም ጠንካራ ነው፣ ከተሰሎንቄ የመጀመሪያው ባቡር የወጣው መጋቢት አጋማሽ 1943 ላይ ነው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ማለት ይቻላል አለቀ።

እንግሊዝኛው ከአምስቱ ቀላሉ ነው፣ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ዓረፍተ ነገሮቹም እንደዛው። 12ኛ ክፍል የጨረሰና ትንሽ የሚያነብ ልጅ ይወጣዋል። ርዝመቱ ከ300 ገጽ ትንሽ ያልፋል ግን ቶሎ ያልቃል። ለወጣት ልጅ ስጦታ ከፈለጋችሁ፣ ወይ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ንባብ መመለስ ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ ይሄን ነው የምላችሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር፣ ከባድ ታሪክ ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ አንዳንድ መገጣጠሞችን አያምናቸውም፣ ሰዎቹ በጣም ይገናኛሉ።

ሃ ጂን፣ «ዘ ውማን ባክ ፍሮም ሞስኮ» (2023)

ስለዚህ ሰውዬ ትንሽ ማለት አለብኝ ምክንያቱም ከአምስቱ እኛ ሰፈር ብዙ የማይታወቀው እሱ ነው። ቻይና ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወታደር የሆነ ሰው ነው፣ በ1985 ለዶክትሬት ብራንዳይስ መጣ፣ በ1989 ቤጂንግ ቲያንአንመን አደባባይ ላይ የመንግሥት ጦር ሰልፈኞችን ሲገድል ካየ በኋላ ወደ አገሩ ላለመመለስ ወሰነና በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረ። ካደገ በኋላ በተማረው ቋንቋ ጽፎ በ1999 የአሜሪካን ናሽናል ቡክ አዋርድ ወሰደ። ስደት ላይ ሆናችሁ «እኔ በዚህ ዕድሜ በሰው ቋንቋ ምን ልጽፍ» የምትሉ ሰዎች ይሄን ሰው አንብቡት፣ ዓረፍተ ነገሩ ጥርት ያለና ጌጥ የሌለው ነው፣ ብርታቱም እዛው ላይ ነው።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው ግን በእውነተኛ ሰው ላይ የቆመ። ሱን ዌይሺ የምትባል ሴት ነበረች፣ ልብ ወለዱ ውስጥ ዮሜ ትባላለች። የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር የዡ ኤንላይ የማደጎ ልጅ ናት፣ ሞስኮ ሄዳ ቲያትር ተማረች፣ ተመልሳ በአገሯ ዘመናዊ ቲያትርን ካቆሙት ዳይሬክተሮች አንዷ ሆነች። ከዛ ማኦ ጠላት ያላቸውን ሁሉ ያሳደደበት የባህል አብዮት መጣ፣ የመሪው የማኦ ሚስት ጂያንግ ቺንግ ደሞ የቆየ ቂም ነበራት፣ ሴትየዋ ታሰረችና በ1968 እስር ቤት ውስጥ ሞተች። አሳዳጊ አባቷ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ነው ይሄ የሆነው።

አሁን ይሄ ታሪክ ለኛ ሩቅ ነው የሚል ካለ አልስማማም። በደርግ ዘመን ስንት ልጅ ነው ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የተማረው፣ ስንቱ ነው አብዮቱን አምኖ ተመልሶ መጥቶ አብዮቱ የበላው። አብዮት ልጆቿን ትበላለች የሚለውን አባባል ከቤተሰቡ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይሄን መጽሐፍ ሲያነብ ማስረጃ አያስፈልገውም። በተለይ አንድ ነገር፣ ሴትየዋ ሁልጊዜ የሚያጓጓት ጥበቡ ነው፣ ልምምዱ፣ ተዋናዩ መድረክ ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ፓርቲው ደሞ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፣ ሃ ጂን ይሄን ግጭት በአንድ ትልቅ ትዕይንት ሳይሆን በመቶ ትንንሽ ስብሰባዎች ነው የሚያሳየን። ሀገር ፍቅር ወይ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ የኖረ ሰው ያንን ስብሰባ ያውቀዋል።

ችግሩ ርዝመቱ ነው። ከ700 ገጽ በላይ ነው፣ የቻይና ስሞች ይበዛሉ፣ መጀመሪያ ላይ ማን ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ወረቀቱን በሰው ካስላካችሁ ደሞ ሻንጣ ላይ ኪሎ ይበላል፣ አምጪው ቅር ሊለው ይችላል፣ ስለዚህ ይሄ አንዱ በኢ-ቡክ ቢገዛ ይሻላል። መሃሉ ላይ የሚዘገይበት ቦታ አለ፣ እሱን የሚታገስ ሰው ግን መጨረሻው ላይ ይካሳል።

ማይክል ሳንዴል፣ «ዘ ታይረኒ ኦፍ ሜሪት» (2020)

አንድ ብቻ ግዙ ብባል ይሄን ነው የምለው፣ ለዛም ነው እዚህ ላይ ረዘም የማደርገው።

ሳንዴል በ1975 ከብራንዳይስ ተመርቆ ኦክስፎርድ ሄደ፣ ከዛ ሃርቫርድ ማስተማር ጀመረ፣ ስለ ፍትሕ የሚሰጠው ኮርስ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። መጽሐፉ የሚነሳው በ2019 አሜሪካን ካነጋገረው የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ቅሌት ነው። ዊልያም ሲንገር የሚባል አማካሪ ከሀብታም ወላጆች ገንዘብ እየተቀበለ ልጆቻቸውን በሐሰት የፈተና ውጤትና በሐሰት የስፖርት ችሎታ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ነበር። ለደንበኞቹ የሚያስረዳበት መንገድ እንዲህ ነበር፦ በችሎታህ ከገባህ የፊት በር ነው፣ አባትህ ለዩኒቨርሲቲው ሕንፃ የሚያሠራ ገንዘብ ከሰጠ የኋላ በር ነው፣ እኔ ጋ ያለው ደሞ የጎን በር ነው፣ ከኋላው በር በጣም ይረክሳል። ሁሉም ሰው በጎን በሩ ተናደደ። ሳንዴል የሚጠይቀው ግን ስለ ፊት በሩ ነው፣ እሱስ ንጹሕ ነው ወይ?

ከዛ ቁጥሮች ያመጣል። ፕሪንስተንና ዬል ውስጥ ከአገሪቱ ከላይኛው 1 በመቶ ሀብታም ቤተሰብ የመጡት ተማሪዎች ከታችኛው 60 በመቶ ከመጡት ሁሉ ይበልጣሉ። እና የገቡት ልጆች በእውነት ለፍተዋል፣ አልተኙም፣ ችግሩ ግን ስለለፉ ብቻ የገቡ ይመስላቸዋል፣ ያልገባው ደሞ ስላልለፋ የቀረ ይመስለዋል። ያሸነፈው ይታበያል፣ የተሸነፈው ይዋረዳል፣ ሳንዴል እንደሚለው ብሬግዚትን (የእንግሊዝን ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት) እና የ2016ቱን የአሜሪካ ምርጫ የወለደው ቁጣ አንዱ ምንጩ ይሄ ውርደት ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ ሲነገር ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ያኔ የሰማነው ወሬ ምን ነበር? ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፣ ኩረጃ ለምደው ነው፣ ስልክ ላይ ተጥደው ነው። ኩረጃ መቅረቱ ጥሩ ነው፣ ያንን የሚጠላ የለም። ግን ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅና በግል ትምህርት ቤት ማስጠኛ ተቀጥሮለት ያደገ ልጅ አንድ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ውጤቱ የልፋት ብቻ መለኪያ ነው ብሎ መፍረድ ምን ያህል ልክ ነው? ሳንዴል ስለ ኢትዮጵያ አንድም ቃል አልጻፈም፣ እኔ ግን መጽሐፉን እያነበብኩ ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረም። ልጁን ለማትሪክ የሚያዘጋጅ ወላጅ፣ መምህር፣ ልጁ «አልመጣለትም» ተብሎ ቤት የተቀመጠበት ቤተሰብ፣ ይሄን መጽሐፍ የጻፈው ለናንተ ነው ብላችሁ ያዙት።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው ደሞ የሚጥም ምዕራፍ አለው፣ ሁለተኛው ላይ ሰው በሥራው ይድናል ወይስ በጸጋ የሚለውን የጥንት ክርክር ከአውግስጢኖስና ከፔላግዮስ ጀምሮ እስከ ሉተርና ካልቪን ያመጣዋል፣ የዛሬው «ለፍቼ ነው ያገኘሁት» የሚለው ኩራት ሥሩ እዛ እንደሆነ ያሳያል። በሰንበት ትምህርት ቤት ሆነ በጴንጤዎች ኅብረት ውይይት የሚያስነሳ ነው።

መፍትሔ ብሎ ካመጣው ሁሉ የሚገርመው ዕጣው ነው። ሃርቫርድና ስታንፎርድ ከ40 ሺህ በላይ አመልካች ይቀርብላቸዋል፣ ሳንዴል የሚለው ትምህርቱን ሊወጡት የማይችሉትን አውጡ፣ የቀሩትን ማመልከቻ ፎቅ መውጫው ደረጃ ላይ በትኑና እንደ ዕጣ አንሱ ነው። በችሎታ እስከ በሩ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ግን በዕድል፣ የገባውም ዕድል እንደነበረው ያውቀዋል፣ የቀረውም ሰነፍ አይባልም። እኔ በዕጣው ሙሉ በሙሉ አላመንኩም፣ ዕጣውን ማን ይጥለዋል የሚለው እኛ አገር ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ግን ሐሳቡ ከጭንቅላት አይወጣም። ስለ ሥራ ክብር የሚለው የመጨረሻው ክፍልም ጥሩ ነው፣ ከደሞዝ ላይ የሚቆረጠው ይቀነስና ከፍጆታ፣ ከሀብትና ከፋይናንስ ንግድ ይሰብሰብ የሚል ነገር ያነሳል፣ እዚህ ላይ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚሄደው፣ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ይጎድልበታል።

እንግሊዝኛው መካከለኛ ነው፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ይወጣዋል፣ መሃል ላይ ስለ ኢኮኖሚስቱ ሃየክና ስለ ፈላስፋው ሮልስ የሚያወራበት ምዕራፍ ብቻ ይከብዳል፣ እሱን ዘልሎ ማለፍም ይቻላል። 300 ገጽ አይሞላም፣ ፔፐርባኩም (ስስ ሽፋን ያለው) ወጥቷል። ለሱም ጊዜ የለኝም ካላችሁ ሳንዴል ከፈረንሳዊው ኢኮኖሚስት ከቶማ ፒኬቲ ጋ ስለ እኩልነት ያደረገው ውይይት በ2025 በትንሽ መጽሐፍ ወጥቷል፣ ርዕሱ «ኢኳሊቲ» ነው፣ ጥያቄና መልስ ስለሆነ ይቀላል ግን ጥልቀቱ እንደዚህኛው አይደለም።

ዴቦራ ሊፕስታት፣ «ጎልዳ ሜየር» (2023)

ሊፕስታት ማስተርሷንም ዶክትሬቷንም የሠራችው ብራንዳይስ ነው። ሆሎኮስት (ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁበት) አልሆነም የሚለው ዴቪድ ኢርቪንግ ስሜን አጠፋች ብሎ ለንደን ላይ ከሷት በ2000 የረታችው የታሪክ ምሁር ናት። መጽሐፉ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው የጎልዳ ሜየር የሕይወት ታሪክ ነው።

ጎልዳ በ1898 ኪየቭ ተወለደች፣ ሕፃን ሆና የምታስታውሰው አባቷ ሊመጣ ነው የተባለውን ዘራፊ ሕዝብ ለመከላከል በሩ ላይ ሳንቃ በምስማር ሲመታ ነው። ቤተሰቡ አሜሪካ ሚልዋኪ ገባ፣ እሷ ደሞ በ1921 ወደ ፍልስጤም ሄዳ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) ውስጥ ዶሮ አረባች። እስራኤል ከመታወጇ በፊት አሜሪካ ዞራ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰብስባ ተመለሰች፣ ከዛ የሞስኮ መልእክተኛ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከ1969 እስከ 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር። ከግብፅና ከሶርያ ጋ የተደረገው የ1973ቱ ጦርነት በሷ ጊዜ ነው የፈነዳው።

ለኛ የሚደርሰው የአፍሪካው ክፍል ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለች በ1958 ምዕራብ አፍሪካን ዞራ ነበር፣ አዲስ ነጻ ከወጡ አገሮች ጋ ባለሙያ እየላኩ መሥራትን ከልቧ የያዘች ሰው ናት፣ ከ1973ቱ ጦርነት ጋ ተያይዞ ግን አብዛኛው የአፍሪካ አገር ግንኙነቱን አቋረጠ፣ የኃይለ ሥላሴ ኢትዮጵያም ጥቅምት ላይ አቋረጠች። የዛ ዘመን ዲፕሎማሲ የሚስበው ሰው ይጠቀማል። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄ የጎልዳ ታሪክ ነው እንጂ የቤተ እስራኤል ታሪክ አይደለም። ከእስራኤል ዋና ራቢዎች አንዱ የነበሩት ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ1973 ነው፣ መንግሥት በመመለስ ሕግ (አይሁድ ሁሉ እስራኤል መጥቶ እንዲኖር በሚፈቅደው) የተቀበላቸው ደሞ በ1975፣ ከጎልዳ በኋላ፣ ስለዚህ ያንን ፍለጋ ከሆነ ሌላ መጽሐፍ ግዙ።

አጭር ነው፣ 300 አይሞላም፣ እንግሊዝኛው ግልጽ ነው። አጭርነቱ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው፣ ያን ሁሉ ሕይወት በዚህች መጠን ሲያስገቡት ነገሮች ይሮጣሉ። ስለ ፍልስጤማውያን የነበራት አቋም ብዙ የሚያከራክር ነው፣ ይሄን መጽሐፍ ብቻውን አንብቦ የዛን ዘመን ታሪክ ጨረስኩ ማለት አይቻልም፣ ከሌላው ወገን የተጻፈ አንድ ጨምሩበት።

ማይክል ዋልዘር፣ «ዘ ስትራግል ፎር ኤ ዲሰንት ፖለቲክስ» (2023)

ዋልዘር በ1956 የተመረቀ ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ የብራንዳይስ ተማሪዎች፣ ስለ ፍትሐዊና ኢፍትሐዊ ጦርነት በ1977 በጻፈው መጽሐፍ ነው በብዛት የሚታወቀው። ይሄኛው 200 ገጽ የማይሞላ ትንሽ መጽሐፍ ነው። የሚለው በአጭሩ፦ ሊበራል መሆን ብቻውን የሚቆም ርዕዮተ ዓለም ሳይሆን ሌላ እምነትህን የምትይዝበት ጠባይ ነው። ዲሞክራት ሁን፣ ሶሻሊስት ሁን፣ ብሔርተኛ ሁን፣ ግን ሊበራል ሁን፣ ማለትም ሌላው ሰው እንዳንተ አይነት መብት እንዳለው እወቅ፣ ኃይልህ ገደብ ይኑረው። ለእያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል።

ስለ ብሔርተኞች የሚለውን ምዕራፍ የኛ ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ሁሉም። ሕዝብህን መውደድህን ተው አይልህም፣ የሚልህ ጎረቤትህም ሕዝቡን እንደሚወድ አምነህ ውደድ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ፌስቡክ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆዩ ግን ምን ያህል እንደሚጎድለን ታያላችሁ።

ሌሎቹ ምዕራፎች እኩል አይደሉም፣ አንዳንዶቹ የአሜሪካ ግራ ክንፍ የውስጥ ወሬ ናቸው። እንግሊዝኛው ቃላቱ ባይከብዱም ሐሳቡ ይጠቀጠቃል፣ ፖለቲካል ሳይንስ ወይ ሕግ ወይ ፍልስፍና ነክቶ የማያውቅ ሰው ሊሰለች ይችላል።

ሁሉም ባንድ ላይ

| መጽሐፍ | ዓይነት | ርዝመት | እንግሊዝኛው | እኛ ጋ የሚደርስበት | ለውይይት |
|---|---|---|---|---|---|
| ዘ ሊትል ላየር (አልበም) | ልብ ወለድ | ከ300 ትንሽ በላይ | ቀላል | ውሸትና ይቅርታ፣ ቤተሰብ | ጥሩ፣ ከወጣቶች ጋ |
| ዘ ውማን ባክ ፍሮም ሞስኮ (ሃ ጂን) | ታሪካዊ ልብ ወለድ | ከ700 በላይ | ቀላል ግን ስም ይበዛዋል | አብዮት፣ ቲያትር፣ ስደት | ጊዜ ላለው ቡድን |
| ዘ ታይረኒ ኦፍ ሜሪት (ሳንዴል) | ሐሳብ፣ ማኅበረሰብ | ከ300 በታች | መካከለኛ | ፈተና፣ ትምህርት፣ የሥራ ክብር | በጣም ጥሩ |
| ጎልዳ ሜየር (ሊፕስታት) | የሕይወት ታሪክ | ከ300 በታች | መካከለኛ | የአፍሪካና እስራኤል ግንኙነት | ያከራክራል |
| ዘ ስትራግል ፎር ኤ ዲሰንት ፖለቲክስ (ዋልዘር) | ፖለቲካ | ከ200 በታች | ከበድ ይላል | ብሔርተኝነት | አንድ ምዕራፍ ብቻ ቢሆን ይሻላል |

እንደ ኪሳችሁና እንደ ሁኔታችሁ

አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ የላይብረሪ ካርድ አውጡ፣ ነጻ ነው፣ ብዙ ከተማ ውስጥ ሊቢ በሚባለው አፕ ኢ-ቡክና ኦዲዮ በስልክ መዋስ ይቻላል። አልበምና ሳንዴል በብዛት አይጠፉም፣ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ መጋዘን የምትሠሩ፣ ለእናንተ ኦዲዮ ነው የሚሻለው፣ አልበምን በኦዲዮ ጀምሩት። ዋልዘርን ግን በኦዲዮ አልመክርም፣ ቆም እያሉ የሚያነቡት ነው፣ ሃ ጂንም ስሞቹ ስለሚምታቱ በዓይን ማየት ይሻላል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ ቅድሚያ ሳምፕሉን አውርዱ፣ ኢ-ቡክ ሻጮቹ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በነጻ ይሰጣሉ፣ ሳትጨናነቁ አሥር ገጽ ከሄዳችሁ እንግሊዝኛው ይሆናችኋል ማለት ነው፣ በየመስመሩ መዝገበ ቃላት ካስከፈታችሁ አሁን ሰዓቱ አይደለም። አብርሆት ላይብረሪ ጎራ ብሎ ማየትም ጥሩ ነው። በሰው የምታስልኩ ከሆነ ፔፐርባክ በሉ፣ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሃርድከቨር ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዶላር ነው፣ ፔፐርባክ ሲወጣ 10 ዶላር ገደማ ይቀንሳል፣ ያገለገለ ከሆነ ደሞ ከዛም ይወርዳል፣ ኪሎውም ይቀላል። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ ግን ተዉት፣ ገጽ ይጎድለዋል፣ የጻፈው ሰውም ምንም አያገኝም፣ አቅም ከሌለ አራት ሆኖ አዋጥቶ አንድ መግዛት ይሻላል።

ለልጅ ወይ ለታናሽ ወንድም ስጦታ ከሆነ አልበም፣ ሌላ አትፈልጉ። ለመምህር፣ ለወላጅ ኮሚቴ፣ ለማትሪክ ተፈታኝ ቤተሰብ ሳንዴል። አብዮቱን ላየ አባት ወይ አጎት እንግሊዝኛ የሚያነብ ከሆነ ሃ ጂን፣ ጊዜም አላቸው ታሪኩም የራሳቸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ፖለቲካ የሚያጠና ዋልዘርን ይግዛ፣ ሊፕስታትን ደሞ የዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚስበው።

ቡክ ክለብ ላላችሁ፣ ሳንዴልን በሦስት ሳምንት ከፋፍሉት፣ አንደኛው ሳምንት እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሃየክና ሮልስ ያሉበትን ዘላችሁ እስከ ቅበላውና ዕጣው፣ ሦስተኛው ሳምንት ስለ ሥራ ክብር ያለውን። የዕጣው ቀን መምህር ወይ አንድ ያልተሳካለት ተፈታኝ ጋብዙ፣ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እንኳን ቢመጣ ሐሳቡን በአማርኛ አስረድታችሁት ይከራከራል።